የበዓል ቀን ፀሐይ

ሸጋዬ ንብረት ሞተር የምትመረምረው በጆሮዋ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያዋ ከወገቧ ባይለይም፣ የምታወጣው ጆሮዋ የነገራትን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ይህን ማንም ትምህርት ቤት አላስተማራትም። አባቷ አቶ ንብረት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበራቸውና እዚያው ዱቄት እየቦነነባት አደገች። ቺንጋው ሲላላ፣ ድንጋዩ እህል አጥቶ ባዶውን ሲዞር፣ ናፍጣው ውሃ ሲቀላቀልበት፣ ጓሮ ሆና ትለየው ነበር። አባቷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ ሞተር አጠገብ ቆመው ጆሯቸውን አስረከቡት። ዛሬ ሊያነጋግራቸው የፈለገ ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ከንፈሩን ማሳየት አለበት።

«ባይጮህ ኖሮ ደግ ሞተር ነበር» ይላሉ፣ ወፍጮው በተነሣ ቁጥር። ቂም የላቸውም።

ሸጋዬ ፍኖተ ሰላም በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቃ ቡሬ ገባች። እዚያ ስድስት ዓመት የተቃጠለ ሞተር እየፈታች መዳብ ስትጠመጥም ኖረች። አንዲት ዙር ከተሳሳቱ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው፤ ስለዚህ እየቆጠሩና እየጻፉ መሥራት ለመደባት። የእጇን ጽዳት የሰማ አንድ የእብነ በረድ ድርጅት ድንጋይ ወደሚያወጣበት ካባ ወሰዳት።

ካባው ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወርደው መንገድ ሄደው፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለው፣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ሲጨርሱ፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የሚገኝ ነጭ ገደል ነው። የመብራት ምሰሶ አስፋልቱ ዳር ቀርቷል። ስለዚህ ካባው ለዓመታት የኖረው በጀነሬተር ነበር። ናፍጣ በበርሜል ከቡሬ ይመጣል፤ ቡሬ ላይ ሲጠፋ መጋዙ ይቆማል፤ ሠራተኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ናፍጣው ሲመጣ ደግሞ ጀነሬተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ሸጋዬ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ እየጎሰጎሰች አምስት ዓመት ሠራችበት። ማታ ማታ ቤቷ ስትገባ ጥጡን አውጥታ የግድግዳ ሰዓቷን ታዳምጣለች። እስከሰማችው ድረስ ደህና ነኝ ማለቷ ነው።

ባለፈው ጥር ድርጅቱ ሶላር አስገባ። ከካባው በላይ ባለው ገላጣ ሜዳ ሁለት መቶ ሃያ የፀሐይ ሰሌዳ ተደረደረ፤ አጠገቡ እንደ ቁም ሣጥን የቆሙ ባትሪዎች ያሉበት የብሎኬት ቤት ተሠራ፤ ጀነሬተሩ ተጭኖ ወደ ሌላ ካባ ሄደ። ሸጋዬ የኃይል ቤቱ ኃላፊ ተባለች። ቁልፉን ከማተቧ ጎን አንጠለጠለችው። በሳምንቱ አባቷን በሚኒባስ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በድርጅቱ መኪና አምጥታ አስጎበኘቻቸው። አቶ ንብረት ባትሪው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆዩ።

«ሞቷል እንዴ?» አሏት።

ፊት ለፊታቸው ቆመች። «እየሠራ ነው አባባ። ሁለቱንም መጋዝ የሚያዞረው እሱ ነው።»

ወደ ታች ተመለከቱ። የሽቦ መጋዙ የቤት ግድግዳ የሚያህለውን ድንጋይ እየገመሰ ነው። መዳፋቸውን ከባትሪው አላነሡም። «እንዲህ ያለው በእኔ ጊዜ ቢኖር» አሉ። ሸጋዬ የቀረውን አልጠየቀቻቸውም።

ደስታው የቆየው አንድ ወር ነው። በየካቲት አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀና ኃይሉ ድርግም አለ። የሽቦ መጋዝ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ሲቆም ጣጣ ነው፤ ሽቦው ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ሲነሣ ሊበጠስና እንደ ጅራፍ ሊገርፍ ይችላል፤ ቁርጡም ይጣመማል። ክረምቱ ገብቶ ካባው እስኪዘጋ ድረስ ይኸው ሰባት ጊዜ ደረሰ። በመስከረም ሥራ ሲጀመር ሁለት ጊዜ ተደገመ።

ሥርዓቱን የነደፈችው ኢንጂነር ያምሮት አዲስ አበባ ነው ያለችው። በስልክ የሸጋዬን ቁጥሮች ተቀበለች፤ አሰላች፤ መልሳ ደወለች።

«ባትሪው ነው የተበላሸው። በስሌቱ ቢሆን ይተርፋችኋል እንጂ አያንሳችሁም» አለች። «ሸጋዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ድርጅቱ ሰልችቶታል። ጥቅምት ሃያ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ሶላሩን ነቅለን ወደሌላ ቦታ እንወስደዋለን። ጀነሬተሩ ይመለስላችኋል።»

«ባትሪው አልተበላሸም።»

«በምን አወቅሽ?»

ሸጋዬ «ያለምንም ድምፅ ይሞላል፣ ያለምንም ሙቀት ይሰጣል» ልትል አስባ ተወችው። ለመሐንዲስ የሚነገር አይደለም። «እስከ ሃያ አጣርቼ እነግርሻለሁ» አለች።

ለእሷ ጥቅምት ሃያ ማለት ጆሮዋ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ነው፤ ኃላፊነቱም፣ ቁልፉም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጀነሬተሩ ከተመለሰ ከጡረታ በፊት ከእሱ የምትላቀቅበት መንገድ አይታያትም።

የኃይል ቤቱ ግድግዳ ላይ መርጌታ አድማሴ የሰጧት የአምናና የዘንድሮ የበዓላትና የአጽዋማት ሰሌዳ ጎን ለጎን ተለጥፏል። መርጌታ የአፋፉ ሚካኤል የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ባሕረ ሐሳብ አስልተው በየዓመቱ በእጃቸው ይጽፉታል። ሸጋዬ ከማስታወሻ ደብተሯ ላይ ኃይል የጠፋባቸውን ዘጠኝ ቀኖች እያነበበች ሰሌዳው ላይ በቀይ ከበበቻቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈንጠር ብላ አየች። አንድም ቀይ ክብ በበዓል ማግሥት ላይ አልወደቀም። ሁሉም ከበዓል በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው የሥራ ቀን ላይ ነው።

ያምሮት የላከችውን የንድፍ ወረቀት አወጣች። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ በወር ሃያ ስድስት የሥራ ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት።

ብቻዋን ሳቀች። እዚህ አገር ሃያ ስድስት ቀን የሚሠራ ማን አለ? የካባው ሠራተኛ የአጥቢያው ገበሬ ነው። እሑድ አለ፤ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ወልድ አለ። በእነዚህ ቀናት መሬት አይቆፈርም፣ ድንጋይ አይፈለጥም። ሲደመር ሥራ የሚሠራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቢሆን ነው። ያንን ለማካካስ ደግሞ በሥራ ቀን ጎሕ ሲቀድ ይጀምሩና ፀሐይ እስክትጠልቅ አይለቁም፤ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ማለት ነው። በሥራ ቀን ፀሐይዋ ከምትሰጠው በላይ ይወስዳሉ፤ ጎደሎውን ባትሪው ይሸፍናል፤ በሦስተኛው ቀን ባትሪው ባዶ ይሆናል። በበዓል ቀን ደግሞ ባትሪው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ወዴትም አይሄድም፤ የሶላሩ ሰሌዳ ላይ አርፎ ይቀራል። የተበላሸ ነገር የለም። የተሳሳተው የቀን ቆጠራው ነው።

መፍትሔውን ለማግኘት ከአንድ ሻይ በላይ አልፈጀባትም። መጋዙ ያለ ውሃ አይቆርጥም። ውሃው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ በፓምፕ ተገፍቶ አፋፉ ላይ ወዳለው ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ይወጣል። ፓምፑ በየሥራ ቀኑ አምስት ሰዓት ይሠራል፤ ከጎደሎው የሚበልጠውን የሚበላው እሱ ነው። ገንዳው ግን የሦስት ቀን ውሃ ይይዛል። በበዓል ቀን ሜዳ ላይ የሚቀረው ፀሐይ ገንዳውን ቢሞላ፣ በሥራ ቀን ፓምፑ ማረፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ሸጋዬ ተሳሳተች። ማንንም አልጠየቀችም።

በዓል እንዳይሻርም አስባበታለች። የቁም ሣጥን ቁልፍ የምታህል ታይመር ከቡሬ አስመጥታ ፓምፑ ላይ ገጠመች። በዋዜማው ሰዓቱን ትሞላለች፤ በበዓሉ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትቆማለች፤ አራት ሰዓት ላይ ፓምፑ በገዛ ራሱ ይነሣል። እጅ አይነካውም አለች ለራሷ፤ ካባው ውስጥ ሰው የለም፤ ማን ሠራ ይባላል? በመስከረም ባለ ወልድ ሞከረችው። ጥቅምት ሁለት ቀን፣ እሑድ፣ ደገመችው። ሰኞና ማክሰኞ የባትሪው ቁጥር ወንዝ ዳር እንደተተከለ ችግኝ ለምለም ሆኖ ዋለ። ለያምሮት ልትደውል ስልኩን አንሥታ፣ አቦ ይለፍ ብላ አስቀመጠችው።

ጥቅምት አምስት፣ አቦ፣ ረቡዕ ዋለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከዓባይ ሸለቆ ጥቁር ደመና ተነሥቶ አፋፉን ወጣና በረዶ አወረደ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ ስፋቱም ከአንድ ወገን ማሳ አላለፈም። ባቄላ የሚያህለው በረዶ ከገንዳው አንሥቶ እስከ አጥቢያው ገበሬ እማማ እታለም አጥር ድረስ ያለውን ጤፍ አስተኛው። ከሁሉም የባሰው የእማማ እታለም ነበር።

በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ መጣ፤ መሣሪያ ግን የያዘ የለም። ከገንዳው ሥር ተሰብስበው ተቀመጡ። እማማ እታለም መቋሚያቸውን ተደግፈው መሀል ቆመዋል። የካባው ፎርማን ጌታሁን ኮፍያውን አውልቆ ከፊታቸው ቆሟል።

«ትናንት ቅዳሴ ላይ ሆኜ ውሃ እዚህ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ?» አሉ እማማ እታለም።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ አንዱ። «እኔስ ዝናብ መስሎኝ» አለ ሌላው።

«እማማ፣ ሰው አልነበረም እኮ» አለ ጌታሁን። «ማሽኑ ራሱ ነው የሚነሣ። ውሃው ራሱ ነው የሚወጣ።»

«ራሱ?» መቋሚያቸውን ወደ ገደሉ ቀሰሩ። «ከዚያ ጉድጓድ፣ ራሱን ተሸክሞ? ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንስራ ከዚያ እያወጣሁ ወገቤ ጎብጧል። ውሃ ራሱን አዝሎ ሽቅብ ሲመጣ አንድ ቀን አላጋጠመኝም። ቢያጋጥመኝ ኖሮ፣ ና እኔንም እዘለኝ እለው ነበር።»

ከተቀመጡት ጥቂቶች ሳቁ። እማማ እታለም አልሳቁም።

«አቦን ያህል ቀን የሻረ ማነው? እሱን ንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

«የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «መሐንዲሷ በስልክ ነው የምታዝዘው አሉ።»

ጌታሁን ሸጋዬን አያት። ሸጋዬ መሬት መሬቱን አየች።

በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ «አንቺ ነሽ አይደል?» አላት።

«እኔ ነኝ አያ ጌታሁን።»

«ታይመሩን ንቀይው። ሶላሩም ይሂድ፤ ሰዉ ከሚቆጣ ጀነሬተር ይሻላል። የሻረው ማን ነው ላሉት ግን ያምሮት ናት ይበሉ። እሷ አዲስ አበባ ናት፤ አይሰማትም። አንቺ እዚሁ ነው የምትኖሪ።»

«ውሸት ይሆናል።»

«ማን ዋሸ? እነሱ ናቸው ያሉት። አንቺ ዝም ነው ያልሽ።»

ታይመሩን ነቀለችው። ቀኑን ሙሉ ኃይል ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። ፀሐዩ ሙሉ ነበር፤ ባትሪው ሙሉ ነበር፤ የሚወስደው ሰው አልነበረም። አመሻሹ ላይ ተነሥታ ወደ የኔታ ሄደች።

መርጌታ አድማሴ ከቤታቸው ደጃፍ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው የተገነጠለ የብራና መጽሐፍ ይሰፋሉ። ሰላም ካሏት በኋላ ወስፌውን ሳያስቀምጡ፣ «ተናገሪ» አሏት። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የቀኑን ቆጠራ፣ ታይመሩን፣ ጥቅምት ሃያን፣ የአባቷን ጆሮ።

«ያንን ሰዓት የሞላው ማነው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«በዋዜማው። በሥራ ቀን።»

«እንግዲህ በዋዜማው አዘሽ በበዓሉ አሠራሽ። ሎሌ የላከ ጌታ ቤቱ ስለተቀመጠ አልሠራም ይባላል?»

«የኔታ፣ በረዶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ?» አለች።

«እኔ ደመና አላዝም። የሚያዘውም ምክንያቱን አልነገረኝም።» ክሩን ሳብ አደረጉት። «እታለም ግን ጤፏን አጥታለች። ጤፉን ያጣ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ሰው ይፈልጋል። አንቺ ያንን ሰው ደበቅሽባት። እኔን የከበደኝ እሱ ነው።»

ወስፌው ብራናውን ሁለት ጊዜ ወጋ።

«ውሃው ለምንድን ነው የሚወጣው?»

«ለመጋዙ።»

«እታለም ውሃ ከየት ትቀዳለች?»

«ከዚያው ከምንጩ።»

«በአቦ ቀን?»

«በአቦ ቀንም።»

«ማንስ አቦን ሻርሽ አላት?» አሉና ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሸጋዬ ግን የተናገሩትን ያህል የተዉትን መስማት ለምዳለች።

«የኔታ፣ ውሃው መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሴቶቹ ቢቀዳ፣ የተረፈው ደግሞ ወደ ገንዳው ቢሄድስ?»

«ቅዳሴ ሳይወጣ አይነሣም» አሉ፣ ጥያቄውን ሲጠብቁ እንደቆዩ ሁሉ። «በሚካኤል ደግሞ ጭራሽ አይነሣም፤ ታቦታችን ነው። የቀረውን ሰዉ ይወስን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራስሽ ትናገሪያለሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ አፍሽ ግን አልሆንም።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ አሰላችው። እሑድ ቅዳሴ በጠዋት ይወጣል፤ ባትሪውም እስኪሞላ ፓምፑ ሥራ ስለሌለው የሚቀርባት ነገር የለም። ረቡዕና ዓርብ የሚውል በዓል ግን ቅዳሴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ ለፓምፑ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ነው። ሚካኤል ከነጭራሹ ወጥቷል። ሴቶቹ የሚቀዱትም አለ። ሲቀናነስ ጠባብ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም።

እሑድ ጥቅምት ዘጠኝ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ቅጥሩ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆመ። ሸጋዬ በሞተር ፊት እንጂ በሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። የነጠላዋን ጫፍ እየጠመጠመች ጀመረች።

«ያምሮት የምትባለው መሐንዲስ አታውቅም። ድርጅቱም አያውቅም። አቦ ቀን ፓምፑን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ሰዓቱን በዋዜማ ሞልቼ፣ እኔ አልነካሁም ብዬ እዚህ ከእናንተ ጋር ቆሜ አስቀደስኩ።»

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ እማማ እታለም ዞረ።

«አንቺ እኮ ከኋላዬ ነበርሽ» አሉ እማማ እታለም። «ውሃው ሲወድቅ ዞር ብዬ አይቼሻለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር። ምን ያለች ጸሎተኛ ናት ብዬ ቀናሁብሽ።»

ሰዉ ሳቀ። ሸጋዬም ፊቷ እየጋለ አብራ ሳቀች። ከዚያ ውሃው በቧንቧ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሴቶቹ፣ የተረፈው ለገንዳው እንዲሆን ያሰበችውን አስረዳች። ክርክሩ አላጠረም። አንዱ «ሴቶችን ከገደሉ ማሳረፍ ጽድቅ ነው» ሲል፣ ሌላው «ለድርጅቱ መጋዝ ሲተርፍስ?» አለ። አንዲት ሴት ከኋላ፣ «አንተ እንስራ አዝለህ ስለማታውቅ ነው የሚያከራክርህ» አለችው። የኔታ ያሉትን ሁለት ገደብ ሲሰሙ ድምፁ በረደ።

«እኔ ደግሞ የራሴ አለኝ» አሉ እማማ እታለም። «የወደቀው ጤፍ ለከብት እንኳ እንዲሆን ሳይበሰብስ ይታጨድ። ማጭዱን አንቺ ትይዣለሽ። ነገ። ዛሬ ብልሽ ደግሞ እሑድን ትሽሪብኛለሽ።»

ሰኞ ጠዋት ጌታሁን የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጠ፤ አሥራ አምስት ሠራተኛ በደቦ ወጣ። ሸጋዬ ማጭድ ከያዘች ብዙ ዓመቷ ነበርና በሁለተኛው ሰዓት መዳፏ ውሃ ቋጠረ። እማማ እታለም አጠገቧ ሆነው ነዶ እያሰሩ፣ «ሽቦ እንደምትጠመጥሚው አይደለም፤ ላላ አድርገሽ ያዥው» ይሏታል። ከሰዓት በኋላ ያው ደቦ ካባው ጓሮ ተጥሎ የኖረውን ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ከገንዳው አፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዘረጋ። ሸጋዬ ሁለት ቧንቧ ገጠመች፤ አንዱ ቅጥር ውስጥ፣ አንዱ ሴቶች በሚያልፉበት መንገድ ዳር። የሚቀዳው ተቀድቶ ሁለቱም ሲዘጉ ውሃው ወደ ገንዳው ይዞራል።

በሚካኤል ፓምፑ አልተነሣም። እሑድ አሥራ ስድስት ከቅዳሴ በኋላ ተነሣ። ማታ በእንጨት ለካች፤ ገንዳው ውስጥ ያለው የሁለት ቀን ውሃ ነው። ከፊቷ ያለው ደግሞ የወሩ ረጅሙ ጉዞ ነበር፤ ከሰኞ አሥራ ሰባት እስከ ሐሙስ ሃያ፣ አራት የሥራ ቀን በተከታታይ። ያምሮት የምትመጣው በአራተኛው ቀን ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ፓምፑ አረፈ፤ ባትሪው በትንሹ ብቻ ወረደ። ረቡዕ ገንዳው ደረቀና ፓምፑ መነሣት ግድ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ባትሪው ላይ የነበረው ከወትሮው አራተኛ ቀን እጅግ ይሻላል፤ ይበቃል ለማለት ግን ሸጋዬ አልደፈረችም። ለጌታሁን፣ «ትልቁን ቁርጥ በጠዋት ጀምሩት፤ ፀሐዩ ሳለ» አለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ የጭነት መኪና አቧራ እያስነሣ መጣ። ያምሮት ከጋቢናው ወረደች፤ ከኋላዋ መፍቻ የያዙ ሁለት ሠራተኞች። ቀጠን ያለች፣ ከሸጋዬ በዕድሜ የምታንስ፣ አቧራ የጠገበ ጫማ ያደረገች ሴት ናት።

«አሁንም እየቆረጡ ነው?» አለች፣ ወደ ካባው እያየች። «ስንተኛ ቀናችሁ ነው?»

«አራተኛ።»

«የቀየርሽው ባትሪ አለ?»

«አንድም የለም። ግቢና ተቀመጪ። እስኪጨርሱ ምንም አትንቀይ።»

ኃይል ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን በጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባትሪው ማሳያ ሠላሳ አንድ ከመቶ ይላል። አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት ደመና አለፈና ማሳያው ሃያ አራት ሆነ። ባትሪው አሥር ከመቶ ሲደርስ ሥርዓቱ ራሱን ያጠፋል። ሸጋዬ ማሳያውን ትታ ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች። መጋዙ ሲጨርስ ድምፁ ይቀጥናል፤ እሱን ነበር የምትጠብቀው። ሃያ። አሥራ ሰባት። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ አዘነበለ። አሥራ አራት ሲል ድምፁ ቀጠነ፤ ከዚያ ከታች የተነጠፈው አፈር ላይ ድንጋዩ ሲያርፍ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የሠራተኛው ፉጨት ተከተለ።

ያምሮት ከጀሪካኑ ተነሣች። «ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለች።

ሸጋዬ የንድፉን ሁለተኛ ገጽ ሰጠቻትና ግድግዳው ላይ ያለውን የየኔታን ሰሌዳ አመለከተቻት። ቀይ ክቦቹ እዚያው ናቸው። ያምሮት ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ በዓላቱን ቆጠረች።

«ሃያ ስድስት» አለች ያምሮት። «እኔ ራሴ እኮ ማርያምን አከብራለሁ። እናቴ ቤት በሃያ አንድ መርፌ አይነሣም።» እስክሪብቶ አውጥታ ሃያ ስድስትን ሰርዛ አሥራ ዘጠኝ ጻፈች፤ ስምንትን ሰርዛ አሥራ አንድ። «አሥራ አራት ከመቶ ጠባብ ነው፣ ሸጋዬ። ደመና የበዛበት ሳምንት ቢመጣ አይበቃም።»

«አውቃለሁ። ሁለተኛ ገንዳ ያስፈልጋል። ባትሪ ግን አይደለም።»

«ሶላሩ እስከ ክረምት ድረስ ይቆያል ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።»

«እስከ ክረምት ይበቃኛል» አለች ሸጋዬ። ለአባቷ የምትነግራቸው ነገር አገኘች፤ ፊት ለፊታቸው ቆማ።

በማግሥቱ ማርያም ነበርና መኪናው አልተነሣም። ዓርብ ስለሆነ ቅዳሴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። መፍቻ ይዘው የመጡት ሁለቱ ሰዎችና ያምሮት ከሰዉ ጋር አስቀደሱ። ሲወጡ ሸጋዬ ተከትላ ወጥታ ወደ ኃይል ቤቱ ሄደች። ታይመሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማብሪያውን በእጇ ገፋችው፤ ማን እንዳስነሣው ለሁሉም እንዲታይ በሩን ወለል አድርጋ።

መንገድ ዳር ወዳለው ቧንቧ ስትደርስ እማማ እታለም ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ቱቦው መጀመሪያ ተነፈሰ፣ አሳለ፣ ከዚያ ውሃው መጣ።

«ዛሬስ ራሱን አዝሎ ነው የመጣው?»

«አይ እማማ፤ ዛሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ በዪኝ እንጂ።»

ከቧንቧው አንገት ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሸጋዬ ከወገቧ መፍቻ አወጣች፤ አየችውና መልሳ ሰካችው። ነገ ታጠብቀዋለች። የእማማ እታለምን ጀሪካን ሳብ አድርጋ የሚንጠባጠበው እንዳያመልጥ ከሥሩ አቆመችው።